እሳተ ገሞራን በጆሮ መጠበቅ ቅንጦት ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቱ «ምን ትላለህ?» ብለው፣ አንደኛው ምንም ሳይል የሳቅ ምልክት ብቻ አድርጎ። ጽሑፉ ስለ እሳተ ገሞራ ክትትል ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው፦ ሰው የማይሰማውን ዝቅተኛ ድምፅ በመሣሪያ እየለቀሙ እሳተ ገሞራን ከሩቅ መከታተል የተመራማሪዎች ጨዋታ ነው። ድምፁ ደካማ ነው፤ ዘገምተኛ ነው፤ ሳተላይትና የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ እያለ ማንም አያስፈልገውም፤ ነፋስ ያበላሸዋል፤ ፍንዳታንም አስቀድሞ አይናገርም።

የጸሐፊው ብዕር ይጥማል፤ ይህን መካድ አልችልም። አንድ ሁለት ቦታ ላይም እውነት አላቸው፤ ስደርስበት እናገራለሁ። የቀረው ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በድካሙ ልጀምር። ጸሐፊው ጆሮ እንኳ የማይሰማው ድምፅ ሩቅ አገር ሊደርስ አይችልም ይላሉ።

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ የሚርገበገበውን፣ ይሰማል። ከ20 በታች ያለው ኢንፍራሳውንድ ይባላል። ያው እንደ ማንኛውም ድምፅ የአየር ግፊት ሞገድ ነው፤ ልዩነቱ ርግብግቡ ቀርፋፋ መሆኑ ነው። በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚርገበገብ ድምፅ አንዱ ሞገዱ 340 ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህን የሚያህል ሞገድ ለማውጣት ትልቅ አፍ ያስፈልጋል። ትንሽ ከበሮ ቀጭን ድምፅ፣ ትልቅ ከበሮ ወፍራም ድምፅ ያወጣል፤ አፉ በመቶዎች ሜትር የሚለካ ተራራ ደግሞ ከከበሮ ሁሉ ይወፍራል። እሳተ ገሞራ ሲናገር አብዛኛውን የሚናገረው እኛ በማንሰማው ድምፅ ነው።

«ደካማ» የሚለው ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ማየት ነው። አየር ድምፅን ሲያሳልፍ በየመንገዱ ጥቂት ጥቂት ይበላዋል። ቀጭኑን አብዝቶ ይበላል፤ ወፍራሙን ብዙም አይነካውም። ድግግሞሹ አሥር እጥፍ ቢጨምር የሚበላው ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል። ለዚህ ነው መብረቅ አጠገባችን ሲወድቅ «ጧ!» የሚለው፣ ሩቅ ሲሆን ግን ጉርምርምታው ብቻ የሚደርሰን። ጧታው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ይህ አዲስ ግኝትም አይደለም። በ1883 ኦገስት 27 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያለው እሳተ ገሞራ ክራካታው ሲፈነዳ ድምፁን በህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችው የሮድሪገስ ደሴት ሰዎች 4,800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በጆሯቸው ሰሙት። መድፍ መስሏቸው ነበር። ጆሮ የማይሰማው ክፍል ግን በዚያ አላቆመም። በዓለም ዙሪያ የአየር ጠባይ ለመመዝገብ የተቀመጡ ባሮሜትሮች (የአየር ግፊት መለኪያዎች) ላይ እየተመላለሰ ታየ። መሬትን ደጋግሞ ዞሯታል። ማንም እሳተ ገሞራ እጠብቃለሁ ብሎ ያስቀመጠው መሣሪያ አልነበረም፤ ዝናብ ይመጣል አይመጣም ለማለት የተሰቀሉ ባሮሜትሮች ናቸው ያዙት።

በነገራችን ላይ ጽሑፉ መሀል ላይ ይህ ድምፅ ለጤናም ያሰጋል የምትል አረፍተ ነገር ጣል አድርጓል። ደካማም ነው፣ አደገኛም ነው፤ እንጃ እንግዲህ። ከሩቅ እሳተ ገሞራ የሚመጣ ምልክት ብዙውን ጊዜ ከ1 ፓስካል በታች ነው፤ ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው። አንድ ፎቅ ደረጃ የወጣ ሰው በሰውነቱ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከ30 ፓስካል በላይ ይለወጣል። ደረጃ ካልፈሩ ይህንንም አይፍሩት።

ሁለተኛው ነጥብ ፍጥነት ነው። ሳተላይት በብርሃን ፍጥነት ያያል፤ ድምፅ ግን 1,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ ታዲያ ምን ይጠቅማል? ይላሉ።

ስሌቱ ልክ ነው። ስህተቱ ሰዓቱን ከየት እንደጀመሩ ነው። ብርሃን ፈጣን ነው፤ ግን ሳተላይቱ ፎቶ የሚያነሳው በየተወሰነ ደቂቃ ነው፤ ደህና የሚባሉት በየአሥር ደቂቃው። ከዚያ ምስሉ ይወርዳል። ከዚያ ሰው ያየዋል። ሰውየው የሚያየው ነጭ ነገር ተራ ደመና ይሁን የአመድ ደመና መለየት አለበት። ተራራው ቀድሞውኑ በደመና ተሸፍኖ ከሆነ አመዱ ደመናውን ሰንጥቆ እስኪወጣ ድረስ የሚታይ ነገር የለም። ድምፅ ደመና አያግደውም፤ ሌሊትም ቀንም አንድ ነው።

አላስካ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ቦጎስሎፍ ቤሪንግ ባሕር ላይ ያለች ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ናት፤ የእሳተ ገሞራ ጫፍ ናት ማለት ይቀላል። ከ2016 ዲሴምበር እስከ 2017 ኦገስት ድረስ 70 ያህል ጊዜ ፈነዳች። ደሴቷ ላይ አንድም መሣሪያ አልነበረም። ቢኖር ኖሮም ከመጀመሪያዎቹ ፍንዳታዎች አይተርፍም ነበር፤ ደሴቷ ራሷ ቅርጿ እየተለዋወጠ ነበር። ቦታው ደግሞ ደመና የማይለየው ነው። ከላይ የእስያና የአሜሪካ አውሮፕላኖች መንገድ ያልፋል። የአላስካ እሳተ ገሞራ ታዛቢዎች በጎረቤት ደሴቶች ላይ ያለውን የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ፣ ኢንፍራሳውንዱን፣ የመብረቅ መከታተያውንና ሳተላይቱን አንድ ላይ አድርገው ነው ወራቱን የተሻገሩት። አንዱ ሲያመልጠው ሌላው እየያዘ። «ሳተላይት ይበቃል» የሚለውን እዚያ ተረኛ ሆኖ ላደረ ሰው መንገር ነው።

የአውሮፕላኑን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ በ1982 ጁን 24 ሌሊት አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ጃምቦ ጄት ከጃቫ ደሴት አጠገብ ሲበር አራቱም ሞተሮቹ ጠፉ። ጋሉንጉንግ የተባለው ተራራ ያወጣው አመድ ውስጥ ገብቶ ነበር። አብራሪዎቹ ሌሊት ስለሆነ አላዩትም፤ አመዱ ደረቅ ስለሆነ የአውሮፕላኑ ራዳርም አላሳየውም። ከአመዱ ወጥተው ሞተሮቹን መልሰው እስኪያስነሱ ድረስ ዝም ብለው ወደ ታች ሲንሸራተቱ ቆዩ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከተራራው 300 ኪሎ ሜትር የራቀ ጣቢያ ከሩብ ሰዓት በኋላ «ፈንድቷል» ቢል ዘግይቷል? በፍጹም። አመድ በነፋስ ነው የሚጓዘው። ከድምፅ ጋር እሽቅድምድም ቢገባ በብዙ ይሸነፋል።

ሦስተኛው፦ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ እያለ ሌላ መሣሪያ ለምን?

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ አድርገዋል። የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ የሚሰማው የተራራውን ሆድ ነው። ቅልጥ አለቱ ከሥር ሲንቀሳቀስ፣ ዐለት ሲሰነጠቅ፣ ጋዝ ሲጋፋ ይነግረናል። ለዚህ ወደር የለውም። ግን ሆድ የጮኸ ሁሉ አያስመልስም። ለሳምንታት ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ምንም ሳያወጣ ዝም ያለ ተራራ ሞልቷል። ኢንፍራሳውንድ የሚሰማው ደግሞ አፉን ነው። ጋዝና አመድ ወደ አየር ሲወረወሩ አየሩን ይገፉታል፤ ያ ግፊያ ነው ድምፁ። ስለዚህ «ወጣ ወይስ አልወጣም? በስንት ሰዓት ጀመረ? አሁንስ አቆመ?» ለሚለው የሚመልሰው እሱ ነው።

ሌላም አለ። የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ትንንሹን እንቅስቃሴ ለመስማት ቅርብ መሆን አለበት፤ ብዙ ተራሮች ደግሞ አጠገባቸው ምንም የለም። ናብሮ ጥሩ ምስክር ነው። ኤርትራ ውስጥ ያለው ይህ ተራራ ሲፈነዳ በታሪክ የተመዘገበ አልነበረም፤ የሚጠብቀውም መሣሪያ አልነበረም። በ2011 ጁን ወር ድንገት ፈነዳ። አመዱ የአየር ጉዞ አመሰቃቀለ፤ በጊዜው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሂላሪ ክሊንተን ሳይቀሩ ከአዲስ አበባ ጉዟቸውን አሳጥረው ወጥተዋል። ድምፁን የያዙት ሁለት ጣቢያዎች ናቸው፦ አንዱ ጅቡቲ ውስጥ 264 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሌላው ኬንያ ውስጥ 1,708 ኪሎ ሜትር ርቆ። ከጅቡቲው መዝገብ ፍንዳታው መቼ እንደጠነከረና መቼ እንደረገበ ተነበበ።

እነዚህ ጣቢያዎች እዚያ የተተከሉት ለእሳተ ገሞራ አልነበረም። በ1996 ለፊርማ የቀረበው የኑክሌር ሙከራን ጨርሶ የሚያግደው ስምምነት ምድርን የሚከብብ የጆሮ መረብ አቅዶ ነበር፤ 60 የኢንፍራሳውንድ ጣቢያዎች። አብዛኞቹ ተተክለው ይሠራሉ። ቦምብ ሲጠብቁ ተራራ ይሰማሉ። እንግዲህ ጸሐፊው «ቅንጦት» ያሉት መረብ ለሌላ ሥራ ተከፍሎበት ያለቀ ነው።

አሁን ወደ ነፋሱ። ከጽሑፉ ሁሉ የሚከብደው ነጥብ ይህ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልየው።

ኢንፍራሳውንድ ከሚለቅመው መሣሪያ፣ ጥቃቅን የአየር ግፊት ለውጥ ከሚለካው ማይክሮባሮሜትር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቅኩ ቀን መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ቀስ ብላ ትሄዳለች። አንድ ሰው ወጥቶ በሩን ዘጋ። መስመሯ ከስክሪኑ ጫፍ ወጥታ ሄደች። እኔ ደግሞ የማወቅ ጉጉቴ ይዞኝ መሣሪያውን በአንድ እጄ ስንዝር የማይሞላ ከፍ አደረግኩት። እንደገና ዘለለች። የመሣሪያው ኃላፊ «ተወው እባክህ» አለኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከባሕር ወለል አጠገብ አንድ ሜትር ከፍ ስትል የአየር ግፊት 12 ፓስካል ያህል ይቀንሳል። አሥር ሴንቲሜትር ማለት 1.2 ፓስካል ነው። ከሩቅ ተራራ የምንጠብቀው ምልክት 0.1 ፓስካል ቢሆን፣ መሣሪያውን አንድ ሴንቲሜትር እንኳ ሳይሞላ ከማንሳት ጋር እኩል ነው።

ስለዚህ አዎ፣ ነፋስ ጠላት ነው። ጸሐፊው ልክ ናቸው። ደህና ነፋስ ሲነሳ ብዙ ፓስካል የሚያህል ረብሻ ያመጣል፤ የተራራው ሹክሹክታ በዚያ ውስጥ ይሰምጣል። ያላነበቡት ግን ሰዎች ለዚህ ምን እንዳደረጉ ነው።

ነፋስ የሚያመጣው ረብሻ ሽክርክሪት ነው፤ ትንንሽና የየቦታው። እዚህ ጋ ግፊቱ ከፍ ሲል አምስት ሜትር እልፍ ብሎ ዝቅ ይላል። ድምፅ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ሞገዱ መቶዎች ሜትር ስለሚረዝም በዚያ አካባቢ ላይ ሁሉ ባንዴ ከፍ፣ ባንዴ ዝቅ ይላል። እንግዲህ መሣሪያው አንድ አፍ ብቻ እንዳይኖረው ማድረግ ነው። ከመሣሪያው ዙሪያ እንደ አበባ ቅጠል ቧንቧዎች ይዘረጋሉ፤ ጫፍ ጫፋቸው ላይ ቀዳዳዎች አሉ። ከዘጠና በላይ ቀዳዳ ያላቸው ጣቢያዎች አሉ። የነፋሱ ረብሻ ከየቀዳዳው ተቃራኒ ሆኖ ስለሚገባ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ድምፁ ከሁሉም አንድ ሆኖ ስለሚገባ ይተርፋል። አቅሙ ለሌለው ደግሞ አትክልት የሚጠጣበት፣ ውሃ በሁለመናው የሚያንጠባጥበው ጎማ ይሠራል። ቀልድ አይደለም፤ በየሜዳው ተዘርግቶ ያገለግላል። ጫካ ውስጥ መትከልም ትልቅ እፎይታ ነው፤ ዛፍ የነፋሱን ጉልበት ይሰብራል።

ይህ ብቻ አይደለም። ጣቢያ ማለት አንድ መሣሪያ አይደለም፤ ቢያንስ አራት ናቸው፣ ተራርቀው የተተከሉ። አንድ ኪሎ ሜትር ቢራራቁ ሞገዱ ከአንዱ እስከ ሌላው ሲበዛ ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል። ኮምፒውተሩ የአራቱን መዝገብ ያነጻጽራል። አንድ ዓይነት ቅርጽ በጥቂት ጊዜ ልዩነት ተሸጋሽጎ በአራቱም ላይ ካለ ድምፅ ነው፤ ከሌለ ነፋስ ነው። ከመሸጋሸጉ ደግሞ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ይሰላል። ሁለት ጣቢያ አቅጣጫ ከሰጡ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ተራራው ነው።

እንዲያውም ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያላነሱት የባሰ ነፋስ አለ። ቆሜ የምከራከረው ለድምፁ ቢሆንም እኔው ላንሳላቸው። ድምፅ ሩቅ የሚሄደው መሬት ለመሬት እየተሳበ አይደለም። ወደ ላይ ይወጣና ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የስትራቶስፌር ነፋስ አጉብጦ ወደ መሬት ይመልሰዋል። ነፋሱ ወደ ድምፁ አቅጣጫ ሲነፍስ ነው ይህ የሚሆነው። ይህ ነፋስ ደግሞ በየወቅቱ ይገለበጣል፦ ከምድር ወገብ ራቅ ባለው አገር በሙቀቱ ወቅት ወደ ምዕራብ፣ በብርዱ ወቅት ወደ ምሥራቅ። ስለዚህ በአንድ ወቅት ጥርት አድርጎ የሚሰማ ጣቢያ ስድስት ወር ቆይቶ ያንኑ ተራራ ላይሰማው ይችላል። በመሀሉም ድምፁ ከአናት በላይ የሚያልፍበት፣ ቅርብ ሆኖ የማይሰማበት ጥላ አለ። በጎን የሚነፍስ ነፋስም አቅጣጫውን ጥቂት ዲግሪ ያዛንፋል፤ ሁለት ተራሮች በአንድ መስመር ላይ ካሉ የትኛው እንደሆነ ያጠያይቃል። እውነተኛው ድክመት ይህ ነው። የሚፈታውም በየአቅጣጫው ጣቢያ በመጨመርና የላይኛውን ነፋስ እያወቁ በማስላት ነው። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ኖሮ መልስ ለመስጠት ብዙ ላብ በጠየቀኝ ነበር።

አምስተኛው ነጥብ፦ አስቀድሞ አይናገርም። ከሆነ በኋላ መስማት ምን ዋጋ አለው?

ከሆነ በኋላ መስማት ያለውን ዋጋ ለአብራሪው ከላይ ነግሬያለሁ። አስቀድሞ አይናገርም የሚለው ግን በሁሉም ተራራ ላይ እውነት አይደለም። ጣሊያን ውስጥ የፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲው ማውሪዚዮ ሪፔፔና ባልደረቦቹ ኤትና ላይ የተከሉት ሥርዓት አለ። ኤትና አፉ ክፍት ነው፤ ሁልጊዜ ይተነፍሳል። የላቫ ፏፏቴ ሊነሳ ሲል አተነፋፈሱ ይፈጥናል፣ ይጠነክራል። ሥርዓቱ ይህን ይከታተላል፤ ከልክ ሲያልፍ ሰው ሳይነካው መልእክት ይልካል። በስምንት ዓመት ውስጥ ከነበሩት 59 ፍንዳታዎች 57ቱን ይዟል፤ አብዛኛውን አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ። ሰዓት ለአንድ ከተማ አይበቃም ይባል ይሆናል። ጫፉ አጠገብ ላለ አስጎብኚና ለአውሮፕላን ማረፊያ ግን ብዙ ነው።

ቺሊ ውስጥ ደግሞ ቪያሪካ አለ። ጉድጓዱ ሥር የላቫ ሐይቅ ያለው ተራራ ነው። ጀሪካን ውሃ ስትሞሉ ሳታዩት እንኳ ሊሞላ ሲል ታውቃላችሁ አይደል? ድምፁ እየቀጠነ ይመጣል። በውስጡ የቀረው የአየር ቦታ እያጠረ ስለሚሄድ ነው። ቪያሪካም እንዲሁ ነው፤ ላቫው ወደ ላይ ሲወጣ ጉድጓዱ ያጥራል፣ ድምፁ ይለወጣል። ከ2015 ማርች 3 ፍንዳታ በፊት መዝገቡ ላይ ይህ ለውጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር የተነበበው ከፍንዳታው በኋላ ነው፤ በወቅቱ ማስጠንቀቂያ ሆኖ አልወጣም። ግን መነበብ እንደሚችል አሳይቷል።

አፉ የተዘጋ ተራራ ላይ ይህ አይሠራም። ለመቶ ዓመታት ተኝቶ የኖረ ተራራ ትንፋሽ የለውም፤ ትንፋሽ ከሌለ የሚሰማ ነገር የለም። እዚያ ሥራው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያው፣ የጋዝ መለኪያውና የመሬቱን እብጠት የሚለኩት ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም።

የሐሰት ማስጠንቀቂያን ያነሱትን በአጭሩ ልለፈው። እውነት ነው፣ የድንጋይ ካባ ፍንዳታ አለ፤ ነጎድጓድ አለ፤ ውቅያኖስ ራሱ ቀን ከሌት ያጉረመርማል፤ በ2013 ቼልያቢንስክ ላይ የፈነዳው የሰማይ ዐለትም በእነዚሁ ጣቢያዎች ተሰምቷል። ግን አቅጣጫው፣ ርዝመቱና መደጋገሙ ይለየዋል። የሰማይ ዐለት አንድ ጊዜ ነው የሚፈነዳው፤ ተራራ ሲጀምር ለሰዓታት ይቀጥላል።

የመጨረሻው አንቀጻቸው ላይ ያለች ቁጥር ነች ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስነሳችኝ። በ2022 ጃንዋሪ 15 ቶንጋ ውስጥ የፈነዳው የባሕር እሳተ ገሞራ ድምፅ አላስካ በግማሽ ሰዓት ደረሰ ብለዋል። ድምፁ አላስካ መሰማቱ እውነት ነው፤ ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በባዶ ጆሮ። በወቅቱ ይሠሩ የነበሩት የስምምነቱ 53 የኢንፍራሳውንድ ጣቢያዎችም አንድ ሳይቀር መዝግበውታል። የደረሰው ግን ከስምንት ሰዓት በላይ ፈጅቶበት ነው፤ ሰዎችን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሷል። በግማሽ ሰዓት ደርሶ ቢሆን በሰዓት 20,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ይህ ከድምፅ ፍጥነት 16 እጥፍ በላይ ነው። በሁለተኛው አንቀጽ «ዘገምተኛ» ያሉት ያው ድምፅ ነው።